ችኮና የእህቷ የልብ በር

ችኮ የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ የሥራ ባልደረቦቿ ነን። መጀመሪያ የሰማችው ቀን ትቆጣለች ብለን ስንጠብቅ «ቢያንስ ውሸት የለበትም» ብላ ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች። እሷ መሐንዲስ ናት። እኔ ደግሞ ሰፊ ነኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። የምሰፋው ግን ልብስ አይደለም። የላም ልብ የሚጠቀለልበትን ስስ ከረጢት በመድኃኒት አጽንተው ይሰጡኛል፤ እኔ ሦስት ቅጠል አድርጌ እቆርጠውና በአጉሊ መነጽር እያየሁ ከብረት መረብ ጋር እሰፋዋለሁ። ሲያልቅ ቫልቭ ይባላል። የሰው የልብ በር ሲበላሽ በቦታው የሚገባ ምትክ በር ነው።

ድሮ እንዲህ ያለ በር ለመግጠም የሰው ደረት በመጋዝ ይከፈት ነበር። እኛ ወርክሾፕ የሚሠራው ታጥፎ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። ሐኪሙ ቱቦውን በብሽሽት በኩል ከደም ሥር ውስጥ ያስገባና እስከ ልብ ድረስ እየገፋ ይወስደዋል፤ እዚያ ሲደርስ ይለቀዋል። ብረቱ ልዩ ብረት ነው። በበረዶ ውሃ ውስጥ እንደ እርጥብ ወረቀት ይታጠፋል፤ የሰውነት ሙቀት ሲያገኘው ቀድሞ የተሠራበትን ቅርጽ አስታውሶ ይዘረጋል። ብዙው ሰው ደረቱ ሳይነካ በማግስቱ በእግሩ ይሄዳል።

ችግሩ ይህ ሁሉ የሚሠራው በሩ ለጠጠረበት ሰው መሆኑ ነው። ሰው ሲያረጅ የልቡ በር ውሃ ማፍያ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይደርቃል። የኛ መረብ ያንን ደረቅ ነገር ተደግፎ ነው የሚቆመው። ሌሎች ሕመምተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ገና በጉልበታቸው ያሉ፣ በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው ትኩሳቱ ልባቸው ላይ የቀረባቸው። የነሱ በር አልጠጠረም። ለስላሳ እንደሆነ ተሸብሽቦ ያፈስሳል፤ ልብ የገፋችው ደም መልሶ ይመጣባታል። እንዲህ ያለው በር ውስጥ መረባችን የሚይዘው ነገር የለም፤ ልብ ስትመታ ይንሸራተታል። «ለስላሳ በር» እንለዋለን። ለስላሳ በር ያለው ሰው ደረቱ መከፈት ካልቻለ፣ ያኔ ለሱ የሚሆን ነገር በእጃችን አልነበረም።

የችኮ እህት በር ለስላሳ ነበር።

እህቷን ከተማው ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ፍሬን» በሚል ነው። መኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ከሷ ጋር ተምሮ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን!» የሚለው ድምጿ ጆሮው ላይ ይጮህበታል ይባላል። እናታቸው ስትሞት ችኮ ገና ፊደል ያልለየች ሕፃን ነበረች፤ እትዬም ራሷ ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል። ግን ዘመድ ሁሉ ልጅቷን እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ ሲል ሽንጧን ገትራ አልሰጥም አለች። አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ሙያ አስያዘቻት። ምላሷ ስለት ነው፤ ደግነቷን ለማወቅ መጀመሪያ ስድቧን መቻል ያስፈልጋል።

እትዬ በወጣትነቷ አንድ ጊዜ ደረቷ ተከፍቶ ሌላኛው የልቧ በር ተጠግኗል። ከአንገቷ ሥር እስከ ሆዷ የወረደውን ጠባሳ «ዚፔ» ትለዋለች። አሁን ደግሞ ወደ ዋናው የደም ሥር የሚያወጣው በር ማፍሰስ ጀመረ። ቀዶ ሐኪሞቹ ተሰብስበው አይተዋት፣ ልቧ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቋል፣ ደክሟልም፣ ዳግመኛ ብንከፍታት ከጠረጴዛው አትነሳም አሉ። እትዬ ሰምታ ስታበቃ «እንግዲያው ዚፑ ተበላሽቷል በሉኛ» አለቻቸው፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ተመለሰች።

ወደዚህ ሥራ ያመጣት የእህቷ ነገር እንደሆነ ችኮን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። ሥራው ደስ ስለሚለኝ ነው አለችኝ። አላመንኳትም፤ ግን ከሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋጨት ነውና ተውኩት።

ያሰበችው ነገር ሲነግሩት ቀላል ነው። መረቡ የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ካጣ የሕመምተኛውን የራሱን በር ለስላሳ ቅጠሎች ይያዝ አለች። ከመረቡ ጎን ሦስት ቀጫጭን ክንዶች አወጣች። ክንዶቹ ከቅጠሎቹ ጀርባ ይገቡና ቅጠሉን ከመረቡ ጋር ቆንጥጠው ይይዙታል፤ ገመድ ላይ ልብስ እንደሚቆነጠጠው። ሲነግሩት ቀላል ነው አልኩ እንጂ፣ በሚመታ ልብ ውስጥ፣ በማይታይ ቦታ፣ በቱቦ ጫፍ የሚሠራ መቆንጠጫ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በበግ ላይ ተደረገ። አንዱ ክንድ ቅጠሉን ሳተው፤ መረቡ ዞረ፣ ተንሸራተተ፣ በጓ እዚያው ሞተች። በሳምንቱ ኃላፊያችን ሁላችንንም ሰብስቦ ሥራው እንዲቆም ወሰነ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋ ነው፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ሌሎች ከኛ የሚበልጡ ድርጅቶች ሞክረው እንደተዉት፣ ጊዜያችንን በምናውቀው ነገር ላይ ብናውለው ብዙ ሽማግሌ እንደምናድን አስረዳ። ያለውን ሁሉ በደንብ ነው ያለው፤ እኔ ራሴ አንገቴን ነቀነቅሁ። ሲጨርስ ችኮን አያትና ተስማማን አይደል አላት።

«አልተስማማንም» አለች። «እርስዎ ሊያስቆሙኝ ይችላሉ። እኔ እሺ ልልዎት ግን አልችልም።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ደጋግሞ ከደነና ከፈተ፤ ከዚያም ከነገ ጀምሮ ከውጭ የሚገቡትን የብረት ቱቦዎች የመለካት ሥራ እንድትይዝ አዘዘ። አዲስ ጀማሪ የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ ታኮርፋለች ብለን ነበር። እሷ እቴ! ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ ያለ ስህተት፣ አንገቷን ደፍታ ለካች። በምሳ ሰዓት ግን ሁላችን ስንወጣ እሷ የመቆንጠጫውን ሥዕል ትስላለች። ሲያልቅ ከጠረጴዛዋ በላይ ከኃላፊው በር ፊት ለፊት ለጠፈችው። እሱ አነሳው። በማግስቱ የተሻሻለውን ለጠፈች። ያንንም አነሳው። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። እኛ ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ግድግዳውን ሆነ። በመጨረሻ የደከመው እሱ ነው፤ አንዱን ሥዕል ሳያነሳው ቀረ።

ከዚያ በኋላ በተረፉ መረቦች ላይ መስፋት ጀመርኩላት። አንድ ቀን ኃላፊው አጠገቤ ቆመና ይሄ የማን ሥራ ነው አለኝ። የችኮ ነው አልኩት። ክንዶቹን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ አየ፣ ጎንበስ ብሎም በመነጽሬ አየ። «አላየሁም» አለኝና ሄደ።

ነገሩን የቀየረው ሐኪሙ ነው። የልብ ሐኪም ነው፤ የኛን ቫልቮች ለሰው የሚገጥመው እሱ ነው፣ እትዬንም የሚከታተላት እሱ ነበር። ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን አየና እዚያው ቆሞ ቀረ። ስንት ለስላሳ በር ያለው ሕመምተኛ ቤትህ ሂድ ብዬ እንደሸኘሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። ከኃላፊው ጋር ገብተው በር ዘግተው ተነጋገሩ። ሲወጡ ለሁለተኛ በግ ተፈቅዶ ነበር።

ሁለተኛዋ በግ ዳነች። መዳን ብቻ አይደለም፣ በሳምንቱ ጠባቂዋን በቀንዷ ወግታ ጣለችው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የምሥራች መጥቶ አያውቅም። ከሷ በኋላም ሌሎች ዳኑ፤ ኃላፊያችንም እንግዶች በመጡ ቁጥር ወደ ችኮ ጠረጴዛ ያመጣቸው ጀመር። አንድ ቀን ለጎብኚዎች ከመጀመሪያው አንስቶ ያመንበት ሐሳብ ነው እያለ ሲያስረዳ ችኮ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «አይደለም፤ ከግድግዳ ላይ ያነሱት እርስዎ ነዎት» አለች። እንግዶቹ ሳቁ። ኃላፊው ጆሮው እስኪቀላ ደነገጠና ቆይቶ እሱም ሳቀ። የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሌላ ምንም አማራጭ ለሌላቸው ጥቂት ሰዎች እንዲገጠም ፈቃድ ተገኘ። ሐኪሙ ከመረጣቸው አንዷ እትዬ ነበረች። በዚያን ጊዜ ደረጃ መውጣት አቅቷት ተማሪዎቿን ለሌላ አስተማሪ አስረክባ ነበር፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ስለሚያጥራት በትራስ ተደግፋ ወንበር ላይ ነበር የምታሸልበው። ወሬውን ስትሰማ ለተማሪዎቿ በሙሉ ደውላ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ያ ሰውዬ የሚያስተምራችሁን ነገር አትልመዱ አለቻቸው።

እኛ ወርክሾፕ ጥግ ላይ አንድ ማሽን አለ። ቫልቮቹን ውሃ ውስጥ አስገብቶ እንደ ልብ ይመታቸዋል፤ ከልብ ይልቅ እጅግ እየፈጠነ፣ ያለ እረፍት፣ የብዙ ዓመት ምት በወራት እስኪሞላ ድረስ። ልብ የሌለው ልብ ስለሆነ «ልበ ቢስ» እንለዋለን። ገና ለማንም ሳይገጠም፣ ቀኑ ሊደርስ ሲል ችኮ ከልበ ቢስ ውስጥ ያሉትን ቫልቮች አውጥታ ስትመረምር ከሁሉም በአንዱ ብቻ፣ ከሦስቱ ክንዶቹ በአንደኛው ላይ ስንጥቅ አየች። በዓይን አይታይም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የወደቀ ፀጉር ይመስላል።

ጠራችኝና አየሁት። ማሽኑን አጠፋች፤ የምቱ ድምፅ ሲቆም ወርክሾፑ ሁሉ ዞሮ አየን።

ቫልቭ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የሠራው መሐንዲስ ይፈርማል። ችኮ አልፈርምም አለች። ክንዱ ከተሰበረ ስባሪው በደም ተነድቶ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ሰውየው ቁርስ እየበላ እያለ ግማሽ አካሉን ያጣል አለች። ኃላፊው ልበ ቢስ የመታው ብዙ ዓመት እንደሆነ፣ የተሰነጠቀው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ቀርቶ መጪውን ክረምት የሚያዩ እንዳልሆኑ ነገራት። ሐኪሙም መጣ። እኔ ብሆን እገጥመው ነበር አላት፤ ደጃፌ ላይ የሚሞተውን ሰው እንጂ ወደፊት ሊሰበር የሚችለውን ክንድ አላይም አላት። እኔም ለብቻዋ ጠርቼ «ፈርሚ፤ እህትሽ ናት» አልኳት።

«እህቴ ስለሆነች ነው እንዴ የምፈርመው?» አለችኝ። «ሌላ ሰው ብትሆን ፈርሚ ትይኝ ነበር?»

ወደ መርፌዬ ተመለስኩ።

እትዬ ነገሩን ከሐኪሙ ሰማች። ለምን እንደዘገየ ስትጠይቀው አልዋሻትም። ችኮን እንድትመጣ አስጠራቻት፤ ችኮም ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔን ይዛ ሄደች። ያን ቤት ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ፤ ጫጫታና ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ነበር። እትዬ መስኮቱ አጠገብ በትራሶቿ መሀል ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት በካልሲ ነው። እኔን ተቀመጪ አለችኝ፣ እህቷን ግን ቁሚም ተቀመጪም አላለቻትም።

«ማን ነሽና ነው በኔ ልብ ላይ የምትፈርጂው?» አለች። በእያንዳንዱ ቃል መሀል ትንፋሽ ትፈልጋለች።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ችኮ።

«የምሞተው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ችኮ ስለ ስንጥቁ ልታስረዳት ጀመረች። እትዬ በእጇ አስቆመቻት። አውቃለሁ፣ ነግሮኛል፣ ደደብ አይደለሁም አለች። በደህና የምኖረው አንድ ዓመትም ቢሆን ያ አንድ ዓመት የኔ ነው፤ ስባሪው ይግደለኝ፣ በመንዳት ላይ ሆኜ ይግደለኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ከምሞት ይሻለኛል አለች። ይህን ሁሉ ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ችኮም ሳታቋርጣት ቆማ ሰማች። ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር፣ ግን አላፈሰሰችውም።

«አስተካክለዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እስከዚያ ጠብቂኝ።»

«ባልጠብቅሽስ?»

«ትጠብቂኛለሽ።»

እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ውጪልኝ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላነጋገረቻትም።

ችኮ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁሉም ሰው ክንዱ የተሰነጠቀው ከሚታጠፍበት ቦታ ነው ብሎ ነበር፤ የሚለፋው እሱ ነውና። እሷ የተሰነጠቀውን ክንድ በጎን በኩል ቆርጣ፣ አለስልሳ፣ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ስትመረምረው ስንጥቁ የጀመረው ከመታጠፊያው አልነበረም። የጀመረው ክሬ ከሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ጠርዝ ነው። ክንዱን የሚያለብሰው ስስ ጨርቅ ከሱ ጋር እንዲሰፋ ብለን የበሳናት ቀዳዳ ናት። በየምቱ ያቺ ጠርዝ ትጎተታለች፤ መጎተት ያበዛ ብረት ይሰነጠቃል።

መጥታ ቀዳዳዋ ብትቀር መስፋት ትችያለሽ ወይ አለችኝ። በምን ላይ ልሰፋው ነው አልኳት። ክንዱን ዙሪያውን በክር ጠቅልይው አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ዓይን ያጠፋል፣ አንዱን ቫልቭ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፣ ክሩም ይንሸራተታል ብዬ አጉረመረምኩ። ስጨርስ፣ ስታጉረመርሚ መርፌውን አነሳሽው እኮ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንስቼው ነበር። መጀመሪያ የጠቀለልኩት ተንሸራተተ። ቋጠሮውን ቀይሬ ደገምኩት፤ ያዘ።

ልበ ቢስ እንደገና ተከፈተ። አሁን የቀረው መጠበቅ ነበር፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ጊዜ ካልመታ ማንም ምንም ማለት አይችልም። ችኮ በየማለዳው ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ መጀመሪያ ወደሱ ትሄዳለች። እዚያ የምታየው የሚርገበገብ ውሃ ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

በዚህ መሀል እትዬ ሆስፒታል ገባች። ሳንባዋ ውሃ ሞላ፤ ቀዱላት፤ እንደገና ሞላ። ችኮ በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ ትሄዳለች፣ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፣ እህቷ ደግሞ ጣሪያውን ታያለች። ከሷ የምትፈልገውን ነገር እንኳ በነርሷ በኩል ነበር የምታስነግረው። ነርሷ አጠገብ ቆማ «ውሃውን አቀብይኝ ይላሉ» ስትል ችኮ ታቀብላለች። ያቺው ነርስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቃ ኖሮ እትዬ እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና በማንኪያ ማርሽ ታስቀይራት ጀመር። አንድ ጊዜ ስሄድ «ፍሪሲዮኑን ሳትረግጪ!» የሚል የተቆራረጠ ድምፅ ከኮሪደሩ ጀምሮ ሰማሁ። ያን ቀን ይህች ሴትዮ አትሞትም አልኩ። የምትኖረው በንዴት ነበር፤ ንዴት ደግሞ ነበራት።

ልበ ቢስ ጊዜውን ሲጨርስ ችኮ ሁሉንም ቫልቮች አውጥታ አየቻቸው። ቀና ስትል ከዚያ በፊት ፊቷ ላይ ያላየሁት ነገር አየሁ፤ ፈርታ ነበር። ሰው የሚፈራው የሚያጣው ነገር ሲኖረው መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። ስንጥቅ የለም አለች። እንደገና አየቻቸው። ከዚያ ፈረመች።

ሐኪሙ መጀመሪያ ትንሽ ጠንከር ያለ ሕመምተኛ አስቦ ነበር፤ እጁ እንዲለምድ፣ የሁላችንም ልብ እንዲረጋ ብሎ። እትዬ ይህን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ተነስታ ተቀመጠች። እህቴ የሠራችውን እኔ ካልጀመርኩት ማን ሊጀምረው ነው አለች። አሁንም ችኮን አታነጋግርም ነበር። ለሐኪሙ ነው ያለችው፤ ግን ችኮ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ኃላፊው ችኮ ቤተሰብ ስለሆነች ከክፍሉ ውጭ ብትሆን ይሻላል አለ። ቫልቩን በበረዶ ውሃ ውስጥ አጥፎ ቱቦው ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል፤ አዲሱን ክንድ ደግሞ እንደሷ ደጋግሞ ያጠፈ የለም። «እህት ሆኜ አይደለም፣ እጅ ሆኜ ነው የምገባው» አለች ችኮ። ሐኪሙ አፍሽን እስከያዝሽ ድረስ ግቢ አላት።

እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ነበር። እትዬን ሙሉ በሙሉ አላስተኟትም፣ ልቧ ስለደከመ፤ ሕመሙን አደንዝዘው ፈዘዝ ብቻ አደረጓት። ችኮ እጇን እስከ አንጓዋ የበረዶ ውሃ ውስጥ ነክራ መረቡን አጠፈች፣ ክንዶቹን ሰበሰበች፣ ቱቦው ውስጥ አስገባች፣ አስረከበች። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች። ጓንቷ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

በራጅ ስክሪኑ ላይ ቱቦው እንደ ጥቁር ክር ሲወጣ ይታያል። በሩ ጋ ደረሰ። ሐኪሙ ክንዶቹን ለቀቀ፤ የመጀመሪያው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ሦስተኛው ሳተ። ያቺን የመጀመሪያዋን በግ ሁላችንም አስታወስናት፤ ሳንነጋገር አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ክንዶቹን መልሶ ሰበሰበ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለች ችኮ።

«እያዞርኩ ነው። ዝም በይ» አላት ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ፣ የፈዘዘ ድምፅ መጣ። «መሪ የያዘ ሰው ላይ አይጮህም» አለች እትዬ። «ስንቴ ልንገርሽ?»

ከወራት በኋላ ለእህቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ችኮ አፏን በክንዷ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ሐኪሙ እንደገና ለቀቀ። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ያዘ። መረቡ ተዘረጋ። ስክሪኑ ላይ ደሙ ወደ ኋላ ይመለስበት የነበረው ጥቁር ደመና ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰና «እትዬ፣ በሩ ተዘግቷል» አላት።

እትዬ በሳምንቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ክረምቱ ሳይወጣም ወደ መኪናዋ። ከሷ በኋላ ሌሎች ለስላሳ በር ያላቸው ሰዎች ተገጠመላቸው። ከነሱ አንዱ ሞቷል፤ ቫልቩ ግን ቦታው ላይ እንደቆመ ነበር፣ የገደለው ሌላ ነገር ነው። ችኮ ግን ስሙን ሰው ባነሳ ቁጥር ሥራዋን አቁማ ትሰማለች።

ሁለቱ እህቶች ታረቁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ተነጋገሩ፤ መታረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ወደ ወርክሾፑ መጣች። ልቧ ውስጥ ያለውን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ስታውቅ እጄን ይዛ ገለባብጣ አየችና በደንብ ሰፍተሽዋል፣ አያሳክክም አለችኝ። ልበ ቢስን አየች። ከዚያ ያንን የተሰነጠቀውን አሳዩኝ አለች።

ችኮ አወጣችና ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችላት። እትዬ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«ይሄንን ነው የከለከልሽኝ?»

«ይሄንን ነው።»

«ብሞት ኖሮስ?»

«ብትሞቺ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ እሸከመው ነበር» አለች። «ግን አልፈርምም ነበር። ዛሬም ቢሆን አልፈርምም።»

«እኔ ደግሞ ዛሬም ቢሆን ግጠሙልኝ እል ነበር» አለች እትዬ። ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ሕይወቱ የኔ ነው። አልማርኩሽም፤ እወቂው።»

«አውቃለሁ» አለች ችኮ።

የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እትዬ ሁለታችንንም በመኪናዋ ወሰደችን። ችኮ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከበሩ ገና ሳንወጣ ክርክሩ ቀጠለ፤ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ፊርማው፣ የሰው ልብ የባለቤቱ ነው ወይስ የሠሪው ስለሚለው። እትዬ እየነዳች እጇን ታወራጫለች፤ ችኮ ደግሞ መንገዱን እዪ ትላታለች። አንድ ጊዜ ሁለቱም ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ አሉኝ። እኔ የመቀመጫ ቀበቶዬን አጠበቅኩ።